የሰበብ ዓምድ

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ በሚያዝያ ወር ሸዋ ሮቢት ላይ ውርጭ ይወርዳል ብሎ በሰነድ የጻፈ ሰው ቢያጋጥማችሁ ምን ታደርጉታላችሁ?

እኛ አጨበጨብንለት። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም። ስብሰባው ረዝሞ ስለነበር ከጭብጨባው በኋላ ወደ ቤታችን የምንሄድ መስሎኝ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የቆላ ጥራጥሬ ባለሙያዎች ማኅበር የሚባል አለን። የዘር ተመራማሪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የማሾ ነጋዴው በዓመት አንድ ቀን ይሰበሰቡና ስለ ማሾ ዘርና ስለ ተባዩ ይከራከራሉ። ስብሰባው ግን ሁልጊዜ ደጋ ላይ ነበር። ስለ ቆላ ሰብል ለመነጋገር ካፖርት ለብሰን ዳገት እንወጣለን፤ ይህም ለማንም ነውር ሆኖ አልታየውም። አምና ታዲያ በጉባኤው መሐል ተነሣሁና፣ «ማሾ ብርድ አይወድም፤ እኛም አንወድም!» ብዬ ጮኽሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ቢኒያም ግን አልሳቁም። «እንግዲያው የሚቀጥለው ሸዋ ሮቢት ይሁን፤ ጋሽ ሽፈራውም አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ይግቡ» አሉ። በዚህ አገር አፍ ላለው ሰው ቅጣቱ ኮሚቴ ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሮቢት ባለችበት በቀወት ወረዳ ገጠር በሰብል ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ናሆም ማኅበሩ የቀጠረው የሁነት አዘጋጅ ድርጅት ባለሙያ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ጫማው ከሩቅ ያበራል። ሦስተኛዋ ኢልሀም ናት፤ የሮቢት ልጅ፣ የገበሬዎች ዩኒየን የኮንትራት ሠራተኛ። ኮንትራቷ አምስት ጊዜ ታድሶላታል፤ ዘንድሮ ሰኔ ሠላሳ ሲያልቅ ለስድስተኛ ጊዜ እንደማይታደስ ተነግሯታል።

ዶክተር ቢኒያም በመጀመሪያው ዕለት የተናገሩትን ሦስታችንም ሰምተናል። «ማኅበሩ ከዚህ በኋላ ቋሚ የጉባኤ አስተባባሪ ይቀጥራል። ቦታው የዚህን ጉባኤ ዕቅድ ለሠራው ሰው ነው» አሉ። ኢልሀም የጨበጠችው እስክሪብቶ ክዳን ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ናሆም ዕቅድ ብሎ ያመጣው ስልሳ አራት ገጽ ነበር። ባለ ቀለም ሠንጠረዥ አለው፤ ቀስት አለው፤ ክብ አለው፤ ክቡ ውስጥ ሌላ ክብ አለው። ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ «የስጋት ሠንጠረዥ» ይላል። ስጋት ቁጥር አንድ፦ ውርጭ። የመከሰት ዕድል፦ ከፍተኛ። መከላከያ፦ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ጋቢ። ልጁ የደጋውን ሰነድ ወስዶ የከተማውን ስም ብቻ ቀይሮ ነበር።

«ናሆም፣ ልጄ፣» አልሁት፣ «ሮቢት ውርጭ አይታ አታውቅም።»

«ጋሽ ሽፈራው፣ ስጋት ማለት እኮ ገና ያልታየ ነገር ነው።»

«እንግዲያው አዞም ጻፍበት።»

«ወንዙ ውስጥ አዞ አለ እንዴ?» ብሎ እስክሪብቶ አነሣ።

ኢልሀም ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። «ጋቢው ይቅርና በሱ ፈንታ ውሃ ይጨመር» አለች ረጋ ብላ።

«ጋቢው ታዟል።»

«ምሳውስ? አንድ ወጥ ቤት ብቻ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ መቶ ሰማንያ ሰው፣ አንድ ወጥ ቤት። ስንት ይሁን?»

እኔና ኢልሀም ተያየን። በእኛ በይፋት ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ሙስሊሙ ሲድር በሬ ነድቶ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ይሰጥና፣ «እነዚያን እንግዶቼን አንተ አብላልኝ» ይለዋል፤ ክርስቲያኑም ሲድር እንዲሁ። ኢልሀም በትዕግሥት አስረዳችው። ናሆም ሰማና ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ መስመር ጨመረ፤ ቀለሙንም ወይን ጠጅ አደረገው።

ከሰነዱ የባሰው መሣሪያው ነበር። «ንቁ» ይባላል። የእያንዳንዱን ሰው ሥራና የመጨረሻ ቀን ከመዘገባችሁለት፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማን እንደ ጨረሰ በአረንጓዴ፣ ማን እንደ ዘገየ በቀይ አድርጎ በማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ናሆም ሲያብራራልን ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረውም። «ሰው ተጠያቂነት ይሰማዋል» አለ።

የተሰማንን ኋላ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ኢልሀም ሥራውን እንዴት እንደ ያዘችው ስሙ።

ሮቢት ላይ ሁለት መቶ ሰው የሚያስጠልል ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያለው ቅሬ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው። ኢልሀም የቅሬውን ሰዎች አንድ እሑድ ሰበሰበቻቸው። ለማንም ሥራ አላከፋፈለችም። «እንግዳ መጥቶብናል» ብላ ተቀመጠች። ጋሽ ኸድር፣ የቅሬው ሰብሳቢ፣ ብድግ አሉና «ድንኳኑ በእኔ» አሉ። አደም «ወንበሩ በእኔ» አለ። እትዬ አልማዝ፣ «የእኛን ወገን ድስት ለእኔ ተዉት» አሉ። በግማሽ ሰዓት አለቀ።

እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ሰው «በእኔ» ካለ በኋላ ማስታወስ የሚባል ነገር የለም። «ያንን ነገር አደራ እንዳትረሳ» ማለት «ቃልህን አላመንሁትም» ማለት ነው። ቅሬ ውስጥ በዚህ ምክንያት ሰባት ዓመት የተኳረፉ አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። ግን ሰው ይረሳል፤ ድንኳንንም አይጥ ይበላዋል። ታዲያ እንዴት ይታወቃል? በሰበብ። ሌላ ጉዳይ ይዘህ ቤቱ ትሄዳለህ፤ ትቀመጣለህ፤ ስለ ዝናቡ ታወራለህ፤ ዓይንህ ግን አጥሩ ላይ ነው።

የኢልሀም ዕቅድ አንድ ባለ መስመር ደብተር ነበር። ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፍላዋለች። ሥራው፤ በእኔ ያለው ሰው፤ ቀኑ፤ አራተኛው ዓምድ ደግሞ ሰበብ። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ እሷ ወደዚያ ሰው ቤት የምትሄድበት ሰበብ ተጽፏል። ለአንዱ ሦስት፣ ለአኩራፊው አምስት። ሠላሳ አንድ ዓመት ዕቅድ ሳዘጋጅና ሳጸድቅ ኖሬ፣ የሚሠሩትን ሰዎች የሚያውቅ ዕቅድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ናሆምም አየው። «ይሄ አራተኛው ምንድን ነው?»

«ሰበብ።»

«ማስታወሻ ማለትሽ ነው?»

«ማስታወሻማ ስድብ ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አነሣቸው። «ለጓደኞቼ ላሳያቸው ብዬ ነው» አለ።

ጉባኤው ሐሙስ ሊሆን፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ንቁ ነቃ። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት አባላት ባሉት ግሩፕ ላይ በቀይ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «ኸድር ሙሐመድ። ድንኳን። ስድስት ቀን ዘግይቷል።»

ድንኳኑ ተሰፍቶ፣ ተራግፎ፣ ታጥፎ ካለቀ ሳምንት አልፎት ነበር። ኢልሀም በዓይኗ አይታ ደብተሯ ላይ ምልክት አድርጋለች። ጋሽ ኸድር ግን የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ንቁ ላይ ገብተው «ጨርሻለሁ» አላሉም። ሊሉም አይችሉም። ጽሑፉ ግን ስልክ አላጣም። አሊዩ አምባ ያሉ አማቾቻቸው ዘንድ ደረሰ። አማቾች! አንዱ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ምን ቢቸግርዎ ነው በቀይ የተጻፉት?» አላቸው።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ኢልሀም ቢሮ ደጃፍ ቆመና፣ «ጋሽ ኸድር ድንኳኑ የለም በላት ብለዋል» አላት። ስምንት ሰዓት ላይ አደም ወንበሩን ተወ። ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ቅሬው በሙሉ ወጣ።

ናሆም ምን ያደረገ ይመስላችኋል? የስጋት ሠንጠረዡን ከፍቶ አዲስ መስመር ጨመረ። «የአካባቢ ሽማግሌ ማኩረፍ። የመከሰት ዕድል፦ መካከለኛ።» መካከለኛ! ሆኖ እያየው!

ዶክተር ቢኒያም በስልክ ያሉት አጭር ነበር። «እስከ ነገ ካልተስተካከለ ጉባኤው ወደ ደጋው ይመለሳል፤ የአስተባባሪነቱም ነገር በዚያው ይታያል።» ኢልሀም ስልኩን አስቀመጠችና ደብተሯን አነሣች። «ጋሽ ሽፈራው፣ ይምጡ» አለችኝ። «ግን በአላህ ይሁንብዎ፣ አይናገሩ።»

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በባጃጅ ሄድን። ጋሽ ኸድር ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአህያ መጫኛ ያድሳሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ኸድር።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ቀይ ሰው ቤት ምን እግር ጣላችሁ?»

«የላሟን እግር ልጠይቅ ብዬ ነው» አለች ኢልሀም።

«ላሟ ድናለች፤ አልሐምዱሊላህ። ባለፈው ሳምንትም ጠይቀሽ ነበር።»

«አሁንስ እንዴት አደረገች ብዬ ነው።»

«አሁንም ድናለች።»

ላሟ ራሷ ከበረቱ ወጥታ፣ በአራት እግሯ ደኅና አድርጋ በፊታችን አለፈች። ኢልሀም አንገቷን ደፋች። እኔ ደግሞ እንዳልናገር መለመኔን ረሳሁት።

«አንተ ኸድር!» አልሁት፤ እኩያዬ ነው፣ እሱ ቁርአን ቤት፣ እኔ ቄስ ትምህርት ቤት፣ ፊት ለፊት አድገናል፤ ስንነጋገር አንቱታ የለንም። «ማሽን ሰደበኝ ብለህ ይህቺን ልጅ ትቀጣታለህ?»

«ለማሽኑ ስሜን ማን ነገረው?»

እውነቱን ነው። ማሽን ስም አያወጣም።

«እኔ አይደለሁም» አለች ኢልሀም። «ግን ኮሚቴው እኛ ነን። አዎ፣ ከእኛ ነው የወጣው።»

ጋሽ ኸድር መርፌያቸውን መጫኛው ላይ ሰኩና ደብተሯን አዩ። «ያስ? እዚያም ውስጥ ቀይ አለሁ?»

«በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የጻፍሁት።»

«አምጪው።» ተቀበሏትና ገልጠው አራቅ አድርገው ያዙት፤ መነጽራቸው ቤት ነው። ለእኔ አቀበሉኝ። «አንብብ፣ ሽፈራው። አንድ ቃል ብትዘል አውቅብሃለሁ።»

ኢልሀምን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። አነበብሁ።

«ድንኳን። ጋሽ ኸድር። ሰኞ።»

«ቀጥል።»

«ሰበብ አንድ፦ የላሟን እግር መጠየቅ።»

የጋሽ ኸድር ቅንድብ ከፍ አለ።

«ሰበብ ሁለት፦ ማሽላውን ስለሚበላው ወፍ ማማከር።»

«መጥታ አማክራኛለች! ግማሽ ቀን ስለ ወፍ ነግሬያታለሁ!»

«ሰበብ ሦስት፦ ውሃ ጠማኝ ማለት።»

«ቆይ፣ ቆይ። ያን ዕለት ሦስት ጣሳ ጠጥተሻል እኮ።»

«አልጠማኝም ነበር፣ ጋሼ» አለች ኢልሀም፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ድንኳኑ ጓሮ ነበር የተሰጣው። አንዱን ጣሳ ስጠጣ ግማሹ ብቻ ታየኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

«የተቀደደው ተሰፍቶ እንደሆነ ለማየት።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሆዳቸው፤ ከዚያ ማንጎው ላይ ያሉት ወፎች በሙሉ እስኪነሡ ድረስ ሳቁ። «ወላሂ! ሳይጠማት ሦስት ጣሳ! ድንኳኔን ላለማስቀየም!» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ይህን ማን ያየዋል?»

«እኔ ብቻ። እንግዲህ አሁን እርስዎና ጋሽ ሽፈራው።»

«አሊዩ አምባስ?»

«ማንም አያየውም።»

«ለአደም ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«የልጁን ፈተና መጠየቅ።»

«እንዳታደርጊው! ልጁ ወድቋል፤ አደም በበትር ነው የሚሸኝሽ። ስለ ሽንኩርቱ ጠይቂው። ሽንኩርቱን ላመሰገነለት ሰው ወንበሩ ቀርቶ ቤቱን ያውሰዋል። ጻፍ እንጂ፣ ሽፈራው፤ ምን ታያለህ?»

ጻፍሁ። ጋሽ ኸድር ዐሥራ አንድ ሰው በስም እየጠሩ የእያንዳንዱን ሰበብ አረሙ፤ ለአንዳንዱ አዲስ ጨመሩ። ስለ ሁለት ሰዎች የነገሩንን በዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ያ ቀይ ነገር ይጥፋ።»

ኢልሀም እዚያው ቆማ ደወለች። ናሆም ስለ መሣሪያው ጥቅም ሊያስረዳት ጀመረ። «ናሆም፣» አለችው፣ «ድንኳን ነው የምትፈልገው ወይስ ቀይ?» ንቁ በዚያች ደቂቃ ተኛ።

ሐሙስ ሁለት መቶ አራት እንግዳ መጣ። ድንኳኑ ቆሟል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ በግራና በቀኝ ሁለት ወጥ ቤት ይጨሳል። ከማጀቴ ከተማ የመጡት ነጋዴዎችና ከአዲስ አበባ የመጡት ተመራማሪዎች ስለ ማሾ ዘር ሊደባደቡ ደርሰው ምሳ አስታረቃቸው። መቶ ሰማንያው ጋቢም በመኪና ተጭኖ ደረሰ። ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው። ኢልሀም ጋቢዎቹን በምዕራብ በኩል በገመድ አሰቀለቻቸውና የከሰዓቱን ፀሐይ ከለሉልን። ዶክተር ቢኒያም ሲዘጉ «እንዲህ ያማረ ዝግጅት አይቼ አላውቅም» አሉ። ይህን ብለው ወደ ማን እንዳዩ ልብ አላልሁም። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የታተመው ሰነድ ደረሰን። ሰባ ሁለት ገጽ ሆኗል። የስጋት ሠንጠረዡ «ውርጭ፦ አልተከሰተም፤ የተወሰደው መከላከያ ውጤታማ ነበር» ይላል። በዚህስ ስቄ ነበር። ገጽ አርባ አንድ ስደርስ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። «ቀጥተኛ ያልሆነ የባለድርሻ አካላት ክትትል ስልት» የሚል ርእስ አለ፤ ከሥሩ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ። አራተኛው ዓምድ ስሙ ተቀይሮ «የግንኙነት መግቢያ» ተብሏል። ይዘቱ ግን የዚያች ልጅ ደብተር ነው፤ ከፎቶው ቃል በቃል። ሽፋኑ ላይ «ዕቅዱን ያዘጋጀው» ይልና የናሆም ስም ተጽፏል፤ ሌላ ስም የለም።

ለዶክተር ቢኒያም ደወልሁ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ሐሳብ የጋራ ነው» አሉኝ። «ሰነዱን የጻፈው ግን ይታወቃል።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«ሽፋኑ ላይ አለ እኮ።»

ኢልሀምን «ተናገሪ እንጂ!» ብዬ ተቆጣኋት። «እኔ ብናገር ሥራ ፈልጋ ነው ይሉኛል» አለችኝ። «ፈልጌም ነው። ግን እኔ ነኝ ማለት ያለብኝ?» የለባትም። ስለዚህ እኔ እላለሁ።

ሌባ ሲቸኩል የሚተወው አይጠፋም። እዚያው ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ተራ ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ፣ እንዲህ ይላል፦ «ድስት። ወይዘሮ አልማዝ። ረቡዕ። የተዋስሁትን ወንፊት መመለስ።» የተዋስሁትን! ናሆም የጻፈው ከሆነ ተዋሹ ናሆም ነው። እትዬ አልማዝ ቤት ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ናሆም ከእርስዎ ወንፊት ተውሶ ያውቃል?»

«ናሆም ማን ነው?»

«ያ ጫማው የሚያበራው።»

«እሱ? ለምኑ? ጫማውን ሊነፋበት? አርፈህ ተቀመጥ፣ ሽፈራው፤ እኔ ወንፊቴን ለሁሉ ሰው አልሰጥም። አንተም ብትጠይቀኝ አልሰጥህም።»

የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ የፊታችን ቅዳሜ ነው። አስተባባሪው የሚሾመው ያን ዕለት ነው፤ የኢልሀም ኮንትራት ደግሞ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ዶክተር ቢኒያም፣ ደብዳቤ አይላኩልኝ፤ በስልክም «ሐሳብ የጋራ ነው» አይበሉኝ። ገጽ አርባ አንድን ይዘው ይምጡ፤ በአባላቱ ሁሉ ፊት ይቁሙና ድምፅ ማጉያውን አንሥተው ይመልሱ፦ ከእትዬ አልማዝ ወንፊት የተዋሰው ማን ነው?